ባህር ዳር ላይ ውሻ ማጠብ፦ ውሃው፣ ሳሙናው፣ መዥገሩ

ባህር ዳር ላይ ውሻ ማለት በአብዛኛው የግቢ ጠባቂ ነው፣ ቀን ታስሮ ይውላል ማታ ይፈታል፣ እጥበት ሚባለው ነገር ትዝ ሚለን ወይ ሲሸት ነው ወይ ቁንጫው ወደ ቤት ሲገባ። ቤት ውስጥ ሚያድር ጸጉራም ቡችላ ያለው ሰው ደሞ በተቃራኒው በየሳምንቱ በራሱ ሻምፖ ይፈትገዋል። ሁለቱም ልክ አይደለም። ጤነኛ ውሻ በወር አንዴ ከታጠበ በቂው ነው፣ ጸጉረ አጭሩ ያበሻ ውሻ እንደውም ከዛ በላይ ቢቆይ ምንም አይሆንም፣ ቆዳው የራሱ ቅባት አለው እሱ ቶሎ ቶሎ ሲታጠብ ያልቅና ማከክ ይጀምረዋል። ሁለት ወር ያልሞላው ቡችላ በእርጥብ ጨርቅ ቢወለወል ይሻላል።

መጀመሪያ ሰው ሚያስበው ሀይቁን ነው፣ ጣና አጠገቡ እያለ ማን ውሃ ይቀዳል። አባይ ዳር ልብስ ሚያጥብ፣ ገላውን ሚታጠብ፣ መኪና ሚያጥብ ሰው ስለማይጠፋ ውሻ ይዞ መውረድም ነውር አይመስልም። ግን ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ፣ ትሉ ውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ውስጥ ተራብቶ ይወጣና በቆዳ በኩል ይገባል፣ ስለዚ እስከ ጉልበታችሁ ገብታችሁ ስታጥቡ ከውሻው ይልቅ ሚያሰጋው የናንተ እግር ነው። አባይ ከሀይቁ ሚወጣበት አካባቢ ደሞ ጉማሬ አለ፣ ከሚጮህ ውሻ ጋር እዛ መገኘት አይመከርም። እዛው ግቢ ውስጥ በሳፋ ማጠብ ይሻላል።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 እስከ 8 ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው። ከተማው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ቀኑ ቢሞቅም ማታው ይቀዘቅዛል፣ እርጥብ ውሻ ማሳደር አይሆንም። ጸሀይ ላይ የዋለ የጀሪካን ውሃ ለብ ይላል፣ ክርናችሁን ነክራችሁ ካላቃጠላችሁም ካልበረዳችሁም በቃ ልክ ነው። ሳፋው ውስጥ ጆንያ ወይ አሮጌ ፎጣ ይነጠፍ፣ ውሻ ሚደነግጠው እግሩ ሲያንሸራትተው ነው። ጸጉሩ ረጅም ከሆነ ከመርጠቡ በፊት ይበጠር፣ የተቋጠረ ጸጉር ውሃ ሲነካው ይብስበታል። መጀመሪያ አንገቱን ዙሪያውን በአረፋ ማሰር ነው፣ አለበለዚያ ቁንጫው ውሃ ሲሸሽ ወደ ጆሮና አይን ይሮጣል። ከዛ ወደ ጭራ መውረድ፣ ፊቱን በጨርቅ ብቻ፣ ጆሮው ውስጥ ውሃ እንዳይገባ። ብብቱና ሆዱ ስር የቀረ ሳሙና ነው በኋላ ሚያሳክከው፣ ስለዚ ማለቅለቁ ላይ ውሃ አይሰሰት። ሳይደርቅ ከፈታችሁት በክረምት ጭቃ ላይ ይንከባለልና በትክክል ታጥቦ ጭቃ ይሆናል።

ሳሙናው ላይ ብዙ ሰው ኦሞ ወይ ላርጎ ነው ሚያነሳው። የሰው ቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 5.5 አካባቢ ነው፣ የውሻ ግን ወደ 7 የተጠጋ ነው ቆዳውም ከኛ ይሳሳል፣ የልብስና የእቃ ሳሙና ደሞ ለሰው ቆዳ እንኳን አልተሰራም። የውሻ ሻምፖ ከጠፋ ሽታ የሌለው የህጻን ሻምፖ በትንሹ በውሃ አቅጥኖ መጠቀም ይቻላል።

ትልቁ ጥፋት ግን ሚመጣው ቁንጫና መዥገር ለማጥፋት ተብሎ ነው። ላምባ መቀባት፣ ለከብት ሚረጨውን ዳያዚኖን ወይ ለእህል ሚሆነውን ማላታዮን በግምት በጥብጦ ማፍሰስ፣ ይሄ ሁሉ ውሻው ራሱን ሲልስ ሆዱ ይገባል፣ ምራቅ ማዝረብረብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከዛ ሞት። የከብት አይቨርሜክቲን መርፌም በአይን ግምት አይወጋም፣ ኮሊ ሚባለው የውጭ የበግ ጠባቂ ውሻ ዘር ላለባቸው ውሾች በተለይ አደገኛ ነው። መድሃኒቱ በውሻው ኪሎ ተለክቶ ከእንስሳት ሀኪም ነው መወሰድ ያለበት፣ ጀርባ ላይ ሚንጠባጠበው አይነት ከሆነ ደሞ ከማንጠባጠቡ በፊትና በኋላ ለ2 ቀን አይታጠብም። መዥገር በክብሪት አይቃጠልም፣ በወረንጦ ከቆዳው ስር ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ቁንጫ ደሞ እንቁላሉ ከውሻው ላይ እየረገፈ ማደሪያው ውስጥ ስለሚፈለፈል ጆንያው ካልታጠበ ውሻውን ብቻ ማጠብ ልፋት ነው።

ጥፍር? ኮብልስቶን ላይ ሚሮጥ ውሻ ራሱ ይሞርደዋል። ቤት ለሚውለው ጫፍ ጫፉን ብቻ ትንሽ ትንሽ መቁረጥ፣ ጥቁር ጥፍር ውስጥ ደም ስሩ አይታይም።

ማንኛውም እጅ ሚነካው ውሻ ከ3 ወሩ ጀምሮ የእብድ ውሻ ክትባት ያስፈልገዋል፣ ከዛ በየአመቱ። ስታጥቡት ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጥባችሁ ቀጥታ ጤና ተቋም ሂዱ፣ የባህል መድሃኒት እየሞከሩ ቀን መግፋት አያዋጣም፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሚያድን ህክምና የለውም።