ድራማዊ ምጸት ምንድን ነው? ቀሚሱን ተዉትና ሲኒውን ተመልከቱ

የተውኔት አጻጻፍ ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ እንደ «ድራማዊ ምጸት» የተበደለ ቃል አላጋጠመኝም። በሠርግ ቀን ዝናብ ከጣለ ድራማዊ ምጸት ይባላል። ሌባ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ከተያዘ ድራማዊ ምጸት ይባላል። ይህን ሁሉ ችዬ አልፌ ነበር። ሰሞኑን ግን አንድ ሐያሲ እጅግ ስለምወደው ፊልም ሲጽፍ፣ የፊልሙ ድራማዊ ምጸት ወንዶቹ ቀሚስ መልበሳቸው እንደሆነ ነገረን፤ ቀሚስ የለበሰ ወንድ ዛሬ ማንንም ስለማያስቅ ፊልሙ ጊዜው አልፎበታል ብሎም ደመደመ። ቀሚሱ ቀሚስ ነው። ምጸቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ፊልሙ «ሰም ላይክ ኢት ሆት» ነው። ቢሊ ዋይልደር ከአይ ኤ ኤል ዳይመንድ ጋር ጽፎ፣ ራሱ አዘጋጅቶ በ1959 ለእይታ አበቃው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ በ1929 ቺካጎ ውስጥ ይጀምራል። ጆ እና ጄሪ የተባሉ ሁለት ኪሳቸው ባዶ የሆነ ሙዚቀኞች ወንበዴዎች ሰው ሲረሽኑ ያያሉ፤ ነፍሳቸውን ለማትረፍ የሴት ልብስ ለብሰው ወደ ፍሎሪዳ ከሚጓዝ የሴቶች የሙዚቃ ጓድ ጋር ይቀላቀላሉ። ጆ ሆኖ ቶኒ ከርቲስ፣ ጄሪ ሆኖ ጃክ ሌመን፣ ሹገር የተባለችዋ ዘፋኝ ሆና ማሪሊን ሞንሮ ተጫውተዋል። የአሜሪካ የፊልም ተቋም በ2000 መቶ ምርጥ የአሜሪካ ኮሜዲዎችን ሲመርጥ አንደኛ ያደረገው ይህን ነው። ሁለተኛው «ቱትሲ» ነበር፤ እርሱም ሴት መስሎ ሥራ ስላገኘ ተዋናይ ይተርካል። ሁለቱን እዚያ ያደረሳቸው ቀሚስ አይደለም፤ ቀሚስ የለበሰ ወንድ የሚያሳዩ ደካማ ፊልሞችማ ሞልተዋል።

ቤታችሁ ቡና ተፈልቷል እንበል። ትንሹ ልጅ በአንዱ ሲኒ ውስጥ በስኳር ፈንታ ጨው ሲጨምር አይታችሁታል። እንግዳው ገብቶ ተቀመጠ፤ ያው ሲኒ ተሰጠው። ከዚህች ቅጽበት ጀምሮ እንግዳው የሚናገረው ሁሉ ለእናንተ ሌላ ትርጉም አለው። «የዚህ ቤት ቡና ጣዕም የትም አይገኝም» ቢል ሳቃችሁን መቆጣጠር ያቅታችኋል። ሲኒውን ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ፣ ወሬ ጀምሮ መልሶ ቢያስቀምጠው ትንፋሻችሁን ትውጣላችሁ። እንግዳው የሚያስቅ ነገር አልተናገረም። የሚያስቀው እናንተ የምታውቁት ነገር ነው። ድራማዊ ምጸት ማለት ይህ ነው፤ ተመልካቹ የሚያውቀውን በትዕይንቱ ውስጥ ያለው ሰው አያውቀውም፤ ባለማወቁም ንግግሩና አድራጎቱ እርሱ ያላሰበውን ትርጉም ይይዛሉ። (ቡናን በጨው መጠጣት በብዙ የገጠር አካባቢ ልማድ መሆኑን አልዘነጋሁም። ምሳሌው የሚሠራው እንግዳው በስኳር የሚጠጣ ከሆነ ብቻ ነው።)

ጨው መጨመሩን እናንተም ሳታውቁ እንግዳው ቀምሶ ቢተፋው፣ ያ ድንገተኛ ነገር ይባላል። ዋይልደር ልዩነቱን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ፊልሙ ሲከፈት አስከሬን የጫነ መኪና በሌሊት ይጓዛል፤ ፖሊስ ያሳድደዋል፤ ተኩስ ይከፈታል፤ በጥይት የተበሳው የሬሳ ሣጥን ፈሳሽ ማፍሰስ ይጀምራል። ሲከፈት የመጠጥ ጠርሙስ ሞልቶበታል፤ ዘመኑ አሜሪካ ውስጥ መጠጥ በሕግ የተከለከለበት ነበርና። እኛም አላወቅንም ነበር፤ ደንግጠን እንስቃለን፤ ሳቁም እዚያው ያልቃል።

ወደ ቀሚሱ ሲመጣ ግን አካሄዱን ይለውጣል። ጆ ስልክ አንሥቶ በቀጭን የሴት ድምፅ ለሥራ አገናኙ ሲናገር እናያለን። ቀጥሎ የሚመጣው ምስል በባቡር ጣቢያ በታኮ ጫማ የሚራመዱ እግሮች ናቸው። ሲላጩ፣ ሲኳኳሉ፣ ዊግ ሲያጠልቁ አናይም። ሳቁ ያለው በቀሚሱ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህን ትዕይንት የሚዘልል አዘጋጅ ከየት ይመጣል? ስልኩ ላይ ጨው ሲጨመር አይተናል፤ ለእርሱ ያ በቂው ነው፤ የቸኮለው ሲኒው ወደ እንግዳው እንዲደርስ ነው።

ሐያሲው ሌላም ነገር ጽፏል። ድራማዊ ምጸት የኛው ሰምና ወርቅ ነው፣ ፈረንጆች ስም ቀየሩለት እንጂ፤ ይላል። ይህ አባባል ለቅኔያችን ክብር የሚሰጥ ስለሚመስል ብዙ ሰው ሳይመረምር ይቀበለዋል። ሰምና ወርቅን የሚቀኝ ሰው ወርቁን ያውቃል፤ ሆን ብሎ ከሰሙ ሥር ይቀብረዋል፤ ቆፍሮ ማውጣት የሰሚው ድርሻ ነው። በድራማዊ ምጸት ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ወርቁ አስቀድሞ ለተመልካቹ ተሰጥቷል፤ የማያውቀው ተናጋሪው ራሱ ነው።

ከፊልሙ አንድ ትዕይንት ልውሰድ። በባቡሩ የሴቶች መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ሹገር በረዶ እየሰበረች አዲሷን ጓደኛዋን ጆሴፊንን ታጫውታታለች። ጆሴፊን የተባለችው ጆ ነው። ድክመቷ ቴነር ሳክስፎን የሚነፉ ወንዶች እንደሆኑ ትናገራለች፤ ትወዳቸዋለች፣ ገንዘቧን ይበደራሉ፣ በሌሎች ሴቶች ላይ ያባክኑታል፣ ከዚያም ይጠፋሉ። ወደ ሴቶች ጓድ የገባችውም ከእነርሱ ለመሸሽ ነው። ጆ ቴነር ሳክስፎን ተጫዋች ነው። ገና ቺካጎ ሳለ፣ ቀጠሮ አፍርሶ ያስቀየማትን ጸሐፊ አባብሎ መኪናዋን ሲዋስ አይተነዋል። ሹገር አንዲት ቃል ቅኔ አልተቀኘችም፤ የልቧን ነው የተናገረችው። ወርቁ ያለው በእኛና በጆ ዘንድ ነው። ጆም «እኔስ እንዲያ አይደለሁም» ብሎ መከራከር አይችልም፤ ቀሚሱ አፉን ዘግቶታል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ሴት ስለ እርሱ ዓይነት ወንድ የምታስበውን ሳይመልስላት ሰምቶ ይጨርሳል። ፊልሙ ስለ ወንድና ሴት የሚለው ነገር የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ያለ ድራማዊ ምጸት ደግሞ ሊባል የማይችል ነው።

ጆ ከዚህ ተምሮ ሰው አይሆንም፤ ይህም የዋይልደርን ጽሑፍ እንድወደው ያደርገኛል። የሰማውን ምስጢር መልሶ በእርሷ ላይ ይጠቀምበታል። ሹገር መነጽር የሚያደርግ ገር ሚሊየነር እንደምትመኝ ነግራዋለች፤ ፍሎሪዳ እንደደረሱ መነጽር ያደረገ ሚሊየነር ሆኖ ባሕር ዳርቻ ላይ ይጠብቃታል። እርሷም በበኩሏ ጨዋ ቤተሰብ ያሳደጋት፣ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለፈች መስላ ትዋሸዋለች። የትምህርት ቤቱን ስም የወሰደችው ግን ከጆሴፊን ነው። እርሱ ራሱ የፈጠረውን ውሸት ለእርሱው ትነግረዋለች! አሁን በረከቦቱ ላይ ጨው የሌለበት ሲኒ የለም፤ ሁሉም ለሌላው አቀብሎ ሌላው እስኪጎነጭ ይጠብቃል። የሁሉንም ሲኒ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን።

«እነዚያን ሁለት ወንዶች አይቶ ሴት ናቸው ብሎ የሚታለል ማን ነው?» የሚለው ትችት ከሁሉ ይበልጥ ያበሳጨኛል። ተመልካቹ መታለል አለበት ያለው ማን ነው? ተመልካቹ ከተታለለ ምጸቱ ሞተ። የሚያስፈልገው በውስጥ ያሉት ሰዎች ላለማየት ምክንያት እንዲኖራቸው ነው፤ ፊልሙም በቂ ምክንያት ሰጥቷቸዋል። የጓዱ መሪ በአስቸኳይ ሁለት ተጫዋቾች ትፈልጋለች፤ ሹገር የምታጫውታት ጓደኛ ትፈልጋለች፤ ሆቴሉ ሚስት በሚያሳድዱ ሽማግሌ ባለጠጎች ተሞልቷል። ሰው የሚፈልገውን ያያል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይጨምራል፦ መኳኳያው ከመጠን በላይ ከተጋነነ በውስጥ ያሉት ሰዎች ጅሎች ይመስላሉ፤ የጅል መታለል ደግሞ ቶሎ ይሰለቻል። ፊልሙ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸውም ለዚህ ነው። በቀለም ሲሞከር የወንዶቹ ፊት በመኳኳያው ምክንያት አረንጓዴ መስሎ ታየ፤ ስለዚህ ቀለሙ ተተወ።

ወንድ የሴት ልብስ መልበሱ ብቻውን ምጸት እንደማይሆን የራሳችን ቲያትር ምስክር ነው። በዘመናዊ ቲያትራችን የመጀመሪያ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርያትን ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ናቸው። ያ ምጸት አልነበረም፤ በመድረኩና በተመልካቹ መካከል የተደረገ ስምምነት ነበር። በተውኔቱ ዓለም ውስጥ ሴቲቱ ሴት ነች፤ የተደበቀ ነገር የለም።

መደበቅ ሲኖር ደግሞ ውጤቱ የግድ ሳቅ አይሆንም። በስንክሳር የቅድስት እንባ መሪናን ታሪክ የሰማ ሰው ያውቀዋል። ከአባቷ ጋር ወንድ መስላ ገዳም ገባች፤ አንዲት ልጃገረድን አስረግዘሃል ተብላ ተከሰሰች። አንዲት ቃል ብትናገር ነጻ ትወጣ ነበር። ዝም አለች፤ ተባረረች፤ ያልወለደችውን ልጅ አሳደገች፤ ምስጢሩም የታወቀው ካረፈች በኋላ ሊገንዟት ሲሉ ነው። እኛ ከመጀመሪያው እናውቃለን፤ ከሳሾቿ አያውቁም፤ እያንዳንዱ የስድብ ቃላቸው ለእኛ ሌላ ሆኖ ይሰማናል። አሠራሩ ከፊልሙ ጋር አንድ ነው። በአንዱ እንስቃለን፣ በሌላው እናለቅሳለን፤ ልዩነቱ የሚመጣው ባለማወቁ ምክንያት ማን ምን እንደሚያጣ ስናስብ ነው። ድራማዊ ምጸትን የኮሜዲ ማጣፈጫ ብቻ አድርገው የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ይህን ታሪክ ደግመው ቢያዳምጡ ደስ ይለኛል።

ወደ ጄሪ ልመለስ፤ የምጸቱ ረቂቅ ክፍል ያለው በእርሱ ዘንድ ነው። ጆ ከስሙ ጆሴፊንን አወጣ። ጄሪ ጄራልዲን ሊባል ተስማምቶ ሳለ፣ ስሙን ሲጠየቅ በድንገት «ዳፍኒ» ይላል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ዳፍኒ የራሷ ሰው እየሆነች ትሄዳለች። ኦስጉድ የተባለው ባለጠጋ ሊፍት ውስጥ ሲቆነጥጠው ጄሪ በእውነት ይቆጣል፤ ሴት ሆኖ መኖር ምን እንደሆነ አሁን ገባህ፣ ይለዋል ጆ። ከኦስጉድ ጋር ሌሊቱን ሙሉ ታንጎ ከጨፈረ በኋላ ግን በደስታ ሰክሮ ይመለሳል፤ ማራካስ እያንሿሿ መታጨቱን ያበሥራል። «ዕድለኛዋ ማን ናት?» ቢሉት «እኔ!» ይላል። ጨዉን የጨመረው ልጅ መጨመሩን ረስቶ ከዚያው ሲኒ እየጠጣ፣ ጣፈጠኝ እያለ ነው። እኛ የምናውቀውን አሁን ጄሪ ራሱ ዘንግቶታል። ጆ «ወንድ ነኝ» እያለ ለራሱ ደጋግሞ እንዲነግረው ያዘዋል። ማራካሱን በእጁ ያስያዘው ዋይልደር ነው፤ ተመልካቹ በእያንዳንዱ መልስ እንደሚስቅና ሳቁ ቀጣዩን ቃለ ተውኔት እንደሚውጠው ገምቶ፣ ሌመን በየመልሱ መካከል እያንሿሿ ጊዜ እንዲገዛ አደረገው። በመድረክ ላይ ተዋናይ ሳቁ እስኪበርድ ይጠብቃል፤ ፊልም ግን አይጠብቅም። ይህን ያህል ያሰበ ሰው ቀሚሱ ያስቅልኛል ብሎ የተቀመጠ አይደለም።

በመጨረሻው ትዕይንት አራቱም በሞተር ጀልባ ከወንበዴዎቹ ያመልጣሉ። የጆ ጉዳይ አልቋል፤ ውሸታም መሆኑን፣ እንደቀደሙት ሁሉ ሳክስፎን ተጫዋች መሆኑን ነግሯት ሹገር እያወቀች አብራው መጥታለች። የቀረው ኦስጉድ ነው። መሪውን ይዞ ስለ ሠርጉ ያወራል። ጄሪ ሰበብ ይደረድራል፦ የእናትህን የሠርግ ቀሚስ መልበስ አልችልም፣ ጸጉሬ የተፈጥሮ አይደለም፣ አጨሳለሁ፣ ከሳክስፎን ተጫዋች ጋር ሦስት ዓመት ኖሬአለሁ፣ መውለድ አልችልም። ኦስጉድ ሁሉንም ይቅር ይላል። በመጨረሻ ጄሪ ዊጉን ከራሱ አውልቆ በወንድ ድምፁ «እኔ ወንድ ነኝ!» ይለዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ የጠበቅነው ይህን ነው፤ እንግዳው ሲኒውን አንሥቶ ሊጎነጭ ነው፣ ሊተፋው ነው።

ኦስጉድ ፈገግታው ሳይጠፋ «እንከን የሌለበት ማን አለ?» ብሎ ይመልሳል።

ይህን ዓረፍተ ነገር ያመጣው ዳይመንድ ነው፤ ሁለቱ የተሻለ እስኪገኝ ብለው አስቀምጠውት የተሻለ ሳይገኝ ቀረ። ሊገኝ አይችልም ነበር። ፊልሙን ሙሉ ከሁሉም በላይ እያወቅን ተቀምጠን ነበር፤ በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ኦስጉድ ከእኛ በላይ ሆነ። ቡናውን የለመደው በጨው ነበር እንዴ? ያወቀውስ መቼ ነው? በሊፍቱ ውስጥ? በታንጎው ሌሊት? የአልማዝ አምባሩን ሲሰጥ? ወይስ አሁን፣ ዊጉ ሲወልቅ? ተማሪዎቼ በየዓመቱ በዚህ ይከራከራሉ። ዋይልደር አይነግራቸውም፤ ጄሪ የሚለው ይጠፋዋል፣ ፊልሙም እዚያው ላይ ያበቃል።