«ብሬክ» ማለት «ሰበረ» ብቻ ነው? ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል የሚነገሩ ስህተቶች

አንድ ጓደኛዬ ለውጭ አገር ባልደረባው በእንግሊዝኛ መልእክት ላከ። ገንዘብ እንዳለቀበት ሊነግረው ፈልጎ «አይ አም ብሮክን» ብሎ ጻፈ። ሰውየው ደንግጦ ወዲያው ደወለለት። ሰው የሞተበት መስሎት ነበር። ጓደኛዬ መጻፍ የነበረበት «አይ አም ብሮክ» ነው፤ ቺስታ ነኝ እንደማለት። መጨረሻ ላይ «ን» ስትጨመር ግን ቅስሙ የተሰበረ፣ ሐዘን ያደቀቀው ሰው ይሆናል።

ቃሉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ስንማረው «ብሬክ ማለት ሰበረ ማለት ነው» ይሉንና እዚያው ላይ እንቆማለን።

«ሰበረ ነው፤ አለቀ»

እንጨት ሲሆን አዎ፣ ሰበረ ነው። ክር ሲሆን ግን በጠሰ ነው። ዳቦ ሲሆን ቆረሰ፣ ሕግ ሲሆን ጣሰ፣ ቃል ኪዳን ሲሆን አፈረሰ፣ የብር ኖት ሲሆን ዘረዘረ፣ ፈረስ ሲሆን ገራ። አማርኛ ለእያንዳንዱ የየራሱ ግሥ አለው። እንግሊዝኛ ሁሉንም በአንድ ቃል ይጠራቸዋል። የሚያገናኛቸው አንድ ሐሳብ ነው፦ ሙሉ ወይም ተያይዞ የነበረ ነገር መቋረጡ።

ስልክን እንይ። «ስልኬ ተሰበረ» ስንል የተሰነጣጠቀ መስታወት ነው የሚታየን። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስልኩ «ብሮክን» ነው ሲል ግን ላዩ ላይ ጭረት እንኳ ላይኖር ይችላል። አልሠራም ማለቱ ነው። የእኛ «ተበላሸ» እዚህ ጋ ይገባል። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው መልእክት ሲተረጉም በየቦታው ይሳሳታል።

«ምሳሌያዊ ፍቺው የቅርብ ጊዜ የአራዳ ቋንቋ ነው»

በፍጹም። ከ1000 ዓመት በፊት፣ እንግሊዝኛ ገና «ብሬካን» እያለ ሲጽፍ፣ ሰዎች ሕግንና መሐላን በዚሁ ቃል «ይሰብሩ» ነበር። አመንዝራ «ኤውብሬካ» ይባል ነበር፤ ሕግ ሰባሪ፣ ትዳር አፍራሽ ማለት ነው። በእጅ የሚዳሰሰውና በሐሳብ ብቻ የሚያዘው ፍቺ አብረው ነው የኖሩት። እኛስ «ልቤን ሰበረው» ለማለት ከማን ተማርን?

«ብሬክፋስት ውስጥ ያለው ፋስት ፈጣን ማለት ነው»

ጠዋት ተጣድፎ የሚበላ ነገር ስለሆነ ይመስላል። ግን አይደለም። እዚህ ላይ «ፋስት» ጾም ነው። ቃሉ የሌሊቱን ጾም መፍታት ማለት ነው። በጣም የምወደው ነገር ደግሞ የእኛም «ቁርስ» ከ«ቆረሰ» መምጣቱ ነው። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች የጠዋት ምግብን ሲሰይሙ የየራሳቸውን «መስበር» አነሱ። አንዱ ጾሙን፣ ሌላው ዳቦውን ብሎ ልናስበው እንችላለን።

«እረፍት መውሰድና ፍሬን መያዝ አንድ ቃል ናቸው»

በእኛ ፊደል ሁለቱም «ብሬክ» ስለሚሆኑ፣ በድምፅም ስለማይለያዩ ነው ግራ የሚያጋባው። በእንግሊዝኛ ግን አጻጻፋቸው ይለያያል፤ ሁለት ቃላት ናቸው። ለመለየት ወደ ኃላፊ ጊዜ ውሰዷቸው። ፍሬን የያዘ ሹፌር «ብሬክድ» ይባላል። የሰበረ ሰው «ብሮክ» ነው። የሥራ እረፍት የሚወለደው ከሁለተኛው ነው፤ ሥራው መሀል ላይ ተቆርጧልና።

«ሰበር ዜና ልብ የሚሰብር ዜና ነው»

አንዳንድ ሰው ሰበር ዜና ሲሰማ ክፉ ነገር ይጠብቃል። የዋንጫ ድልም እኮ ሰበር ዜና ነው። አማርኛው ከእንግሊዝኛው በቀጥታ የተተረጎመ ነው። እዚያ ግን ቃሉ ድንገት መፈንዳትን፣ ብቅ ማለትን ያሳያል። ስለ ንጋትም በዚሁ ቃል ይናገራሉ። እኛ ጎህ «ቀደደ» እንላለን። ከ«ሰበር» ይልቅ ለሐሳቡ የሚቀርበው «ቀደደ» ነበር፤ ግን አንዴ ለምደነዋል።

«በረዶውን መስበር የመጣው ከበረዶ ሰባሪ መርከቦች ነው»

«በረዶውን መስበር» («ብሬክ ዘ አይስ») በእንግሊዝኛ ለማይተዋወቁ ሰዎች ጨዋታ መክፈት ማለት ነው። በእንፋሎት የሚሠሩት በረዶ ሰባሪ መርከቦች የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው። አባባሉ ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ተጽፎ ይገኛል፤ ሼክስፒርም ተጠቅሞበታል።

«እግርህን ስበር እርግማን ነው»

«እግርህን ስበር» («ብሬክ ኤ ሌግ») በእንግሊዝኛ ወደ መድረክ ለሚወጣ ተዋናይ የሚባል መልካም ምኞት ነው። ብዙ ሰው ታሪኩን ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ከሊንከን ገዳይ ጋር ያያይዘዋል። ተዋናዩ ጆን ዊልክስ ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1865 ዋሽንግተን ፎርድስ ቴአትር ውስጥ ፕሬዚዳንቱን ተኩሶ ወደ መድረኩ ሲዘል እግሩን ሰበረ ይባላል። ነገር ግን አባባሉ በጽሑፍ የሚታየው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ ግድያ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት ማንም ሳይጽፈው ይቆያል ማለት ይከብዳል። ይልቅ የሚያሳምነኝ የመድረክ ሰዎች «መልካም ዕድል» ማለትን ገድ የለውም ብለው ስለሚሸሹ በተቃራኒው ይመኛሉ የሚለው ነው። ስለዚህ የሚባለው መድረክ ለሚወጣ ሰው ነው። ቀዶ ሕክምና ለሚገባ ሰው አይባልም።