ዝምድናና ሥልጣን በጥንታዊት ከነዓን

ከነዓን አንድ መንግሥት ሆና አታውቅም። ዛሬ እስራኤል፣ ፍልስጤምና ሊባኖስ በሚገኙበት፣ የሶርያንና የዮርዳኖስንም ከፊል በሚነካው ምድር ላይ ብዙ ትናንሽ ከተሞች ነበሩ። ሁሉም የየራሱ ገዥ አለው። ገዥው በአገሩ ሰው ዘንድ ንጉሥ ነው፤ ግዛቱ ግን ከተማዋና በዙሪያዋ ያሉ መንደሮች ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው ክፍለ ዘመን እነዚህ ገዥዎች ለግብፅ ፈርዖን ይገብሩ ነበር።

ፖለቲካቸውን ከራሳቸው አንደበት የምንሰማው ግብፅ ውስጥ አማርና በሚባል ቦታ በ1887 እ.ኤ.አ. ከተገኙት የሸክላ ጽላቶች ነው። ጽላቶቹ ወደ 380 ይጠጋሉ። ብዙዎቹ የከነዓን ገዥዎች በዘመኑ የዲፕሎማሲ ቋንቋ፣ በአካድኛ፣ ለፈርዖን የጻፏቸው ደብዳቤዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ሲነበቡ የውርስ ክርክር የሚሰማበት ችሎት ውስጥ የተቀመጡ ያስመስላሉ።

የሁሉ ነገር መነሻ የአባት ቤት ነው። በአንድ አባት ሥር ሚስቶቹ፣ ያገቡ ወንዶች ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹና አገልጋዮቹ ይኖራሉ። መሬት በአባት በኩል ይወረሳል። በደጋው አገር ቤቶች ተሰባስበው ጎሳ፣ ጎሳዎች ደግሞ ነገድ ይሆናሉ። ሙታንም ቢሆኑ ከቤት አይርቁም። በመጊዶ ከተማ ሰዎች ዘመዶቻቸውን ከመኖሪያ ቤታቸው ወለል ሥር ይቀብሩ ነበር። እዚያው፣ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ባለ የባለጸጎች ቤት፣ ከ3,500 ዓመት ገደማ በፊት የተቀበሩ ሁለት ሰዎች ተገኝተዋል። ወንድማማች መሆናቸውን የዘረመል ምርመራ አረጋግጧል። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ሲታመሙ የኖሩ ናቸው። የአንዱ የራስ ቅል ሊሞት ሲቃረብ በስለት ተከፍቷል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ እንክብካቤ የሚያገኘው ደህና ዘመድ ያለው ሰው ነው።

ዝምድና ከቤት አልፎ ፖለቲካ ሲሆን በደንብ የሚታየው በሴኬሙ ገዥ በላባያ ታሪክ ነው። ላባያ ጎረቤቶቹን እረፍት የነሳ ሰው ነበር። የመጊዶው ቢሪዲያ ከተማዬን ከበበ ብሎ ከሰሰው። ፈርዖን ስለ ልጁ ሲጠይቀው፣ ልጄ ከሐቢሩ፣ ማለትም ከወገናቸው ተለይተው ከወጡ ሰዎች፣ ጋር መዋሉን አላውቅም ነበር ብሎ መለሰ። በኋላ ተይዞ በመርከብ ወደ ግብፅ ሊላክ ሲል የአኮው ገዥ ጉቦ ተቀብሎ ለቀቀው። ብዙም ሳይቆይ ጊና የምትባል ቦታ ሰዎች ገደሉት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሁለት ልጆቹ ወደ አንድ ጎረቤት ገዥ ላኩበት፦ የጊና ሰዎች አባታችንን ገድለዋልና ውጋልን፤ እምቢ ካልክ ጠላቶችህ ነን። ሰውየው የፈርዖንን አገልጋዮች አልወጋም ብሎ ከነጭራሹ ለፈርዖን ጻፈባቸው። በአንድ ደብዳቤ ውስጥ የደም ዕዳም አለ፣ የድንበር ፖለቲካም አለ። ሁለቱን መለየት የሚቻል አይመስለኝም።

ጋብቻም ሌላው መንገድ ነው። የጌዝሩ ገዥ ሚልኪሉ የሌላው ገዥ የታጊ አማች ነበር፤ ሁለቱ ሲተባበሩ የኢየሩሳሌሙ ገዥ አብዲ ሄባ ለፈርዖን አቤቱታውን ያዘንባል። ይህ አብዲ ሄባ ሌላም የሚገርም ነገር ጽፏል፦ በዚህ ቦታ ያስቀመጠኝ አባቴም እናቴም አይደሉም፣ ወደ አባቴ ቤት ያስገባኝ የንጉሡ ብርቱ ክንድ ነው። ዘር ብቻውን እንደማያነግሥ ጠንቅቆ ያውቃል። የቢብሎሱ ሪብ ሃዳ ደግሞ ይህን በመራራ መንገድ ተማረ። ወዳጅ ፍለጋ ቤይሩት ሄዶ ሲመለስ የገዛ ወንድሙ በሩን ዘጋበት።

ሐቢሩ የሚባሉት ነገድ አልነበሩም። በዕዳ፣ በወንጀል ወይም በጦርነት ከወገናቸው ተለይተው የወጡ ሰዎች ናቸው። ገዥዎቹ አንዴ ወታደር አድርገው ይቀጥሯቸዋል፣ አንዴ ተቀናቃኛቸውን "ሐቢሩ ሆነ" ብለው ያሳጡበታል። ሻሱ የሚባሉት ግን በየጎሳቸው የሚንቀሳቀሱ ከብት አርቢዎች ነበሩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1208 ገደማ የተቀረጸው የፈርዖን መርኔፕታ ሐውልትም ከተማን ከሕዝብ ይለያል። አስቀሎናና ጌዝር በአገር ምልክት ሲጻፉ እስራኤል የተጻፈው በሕዝብ ምልክት ነው።

ሴኬም በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 እንደገና ትመጣለች። የይሩበኣል ልጅ አቤሜሌክ እናቱ የሴኬም ሴት፣ የአባቱ ቁባት ነበረች። ወደ እናቱ ወንድሞች ሄዶ የአጥንታችሁ ፍላጭ፣ የሥጋችሁ ቁራጭ ነኝ አላቸው። እነሱም ወንድማችን ነው ብለው በኣልብሪት ከሚባለው አምላካቸው ቤት 70 ብር ሰጡት። በዚያ ገንዘብ ወሮበላ ቀጥሮ የአባቱን ልጆች በአንድ ድንጋይ ላይ አረዳቸው። የአባት ወገን የተነፈገ ሰው በእናት ወገን ዙፋን ላይ ወጣ፤ ሦስት ዓመት ገዛ፣ ከዚያ ከሴኬም ሰዎች ጋር ራሱ ተፋጀ።

ጎሳ ነገሥታት ከመጡ በኋላም አልጠፋም። በሰማርያ የተገኙት ከክርስቶስ ልደት በፊት የ8ኛው ክፍለ ዘመን የሸክላ ስባሪ ጽሑፎች ያረጀ ወይን ጠጅና የጠራ ዘይት ከየት እንደ መጣ ይመዘግባሉ፤ ቦታዎቹም የሚጠሩት በምናሴ ነገድ ጎሳዎች ስም ነው። ኑዓና ዔግላም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። እነዚህ በኦሪት ዘኍልቍ፣ ወንድም ስለሌለን የአባታችንን ርስት ስጡን ብለው ሙሴ ፊት የቆሙት የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች ስሞች ናቸው።