የአያቶቻችሁን ቤት ሲሚንቶ አታልብሱት

ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ የድሮ ቤቶች አሉ፤ ግድግዳቸው ወፍራም፣ ምሰሶና ማገራቸው ጽድ። አዲስ አበባ ወይም አሜሪካ የሚኖሩ ልጆች «ለበዓል የምንሰበሰብበት፣ ልጆቻችንም የሚያድሩበት እናድርገው» ብለው ይደውሉልኛል። ደስ ይለኛል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ግን ሁሌም አንድ ነው፦ «መጀመሪያ ሲሚንቶ ይለሰንና ይጠንክር።»

አይጠነክርም። ይህን ስናገር ዓመታት አልፈዋል፤ አሁንም እደግመዋለሁ።

የጭቃ ግድግዳ ከመሬቱም ከዝናቡም እርጥበት ይስባል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይለቀዋል። ዕድሜ የሰጠው ይኸው ነው። ሲሚንቶ መውጫውን ይደፍንበታል። ትኩስ እንጀራ በላስቲክ ሲጠቀለል እንደሚያልበው ግድግዳውም ከውስጥ ያልበዋል። ጭቃ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ስለሆነ አብሮት አይሄድም፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ዝናብ እዚያው ይቀራል። ጭቃው ይናዳል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይከተላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ቤቱ ከውጭ ያማረ ነው፤ እኔን የሚያናድደኝም ይህ ነው።

ደብረ ብርሃን አካባቢ አንድ ቤተሰብ ቤቱ በሲሚንቶ ከተለሰነ ከጥቂት ክረምት በኋላ ጠራኝ። ልስኑን ሳንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠ። ስናነሳው ቅርፊቱ ብቻውን ቆሟል፤ ከኋላው ያለው ጭቃ ወደ ታች ተንዷል፣ የቋሚዎቹ እግር በጣት ይፈረፈራል። ያ ቤት ሳይለሰን በፊት አባትም አያትም ኖረውበታል።

በታላላቅ ሕንፃዎችም ታይቷል። የጎንደሩ ፋሲል ግቢ የተገነባው በኖራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲጠገን ሲሚንቶና ኮንክሪት ገባበት፤ ኋላ የመጡ ጠጋኞች ያንን እያነሱ ወደ ኖራ ተመለሱ። ለነገሥታቱ ግንብ ያልበጀው ለጭቃ ቤት እንዴት ይበጃል?

ለጭቃ ግድግዳ መድኃኒቱ ጭቃ ነው፦ የጤፍ ጭድ ገብቶበት፣ ውሃ እየተጨመረ ደጋግሞ የተረገጠ፣ ቀናት ቆይቶ የቦካ። ጭዱ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ሲደርቅ ኖራ ቀቡት። የድንጋይ ግድግዳ ከሆነ አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ አሸዋ ጋር አዋህዱና ለስኑ፤ ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀው ሸፍኑት፣ አርጥቡት። ኖራ ያቃጥላልና ሠራተኛው ጓንትና መነፅር ያድርግ። «ይሄ እኮ ድሮ ቀረ» የሚል ግንበኛ ከገጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

«አፍርሶ መሥራት ይረክሳል» ይሉኛል። እንደዚያ ዓይነት የደረቀ ጽድ ዛሬ ከየት ገዝታችሁ ነው?

«ቅርስ የሆነ ቤት አይነካም» የሚሉም አሉ። ይጠገናል። ቤቱ ቅርስ ከሆነ ግን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከጥገናው በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው።

«ሻወሩና ኩሽናው እዚያው አሮጌው ቤት ውስጥ ይግባ።» እባካችሁ! ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ አንድ ቀን ያፈሳል፤ ጭቃ ደግሞ ውሃ አይችልም። ቧንቧ ያለበትን ሁሉ ከአሮጌው ቤት ጎን በሚቀጠል አዲስ ቅጥያ ውስጥ ሥሩት፤ አሮጌው ሳሎንና መኝታ ይሁን። ቅጥያውን በብሎኬት ብትሠሩት አልቃወምም።

«አዲሱ ከአሮጌው ጋር በብረት ይታሰር» ማለትም ስሕተት ነው። አሮጌው መሠረት ከረጋ ቆይቷል፤ አዲሱ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትንሽ ይሰምጣል። ካሰራችኋቸው ሲሰምጥ አሮጌውን ይጎትተዋል፣ ይሰነጥቀዋል። በመሃላቸው ክፍተት ተዉ፣ በሚለጠጥ ነገር ድፈኑት፣ በነበረው በር አገናኟቸው። የአዲሱ ጣሪያ ውሃ አሮጌው ግድግዳ ላይ እንዳይወርድ አሸንዳ ግጠሙለት።

ሥራውን ከጣሪያው ጀምሩ። ክፍክፉን አስረዝሙ፣ በግድግዳው ዙሪያ የተከመረውን አፈር ዝቅ አድርጉ፣ ውሃው ከቤቱ የሚርቅበት ቦይ ቅደዱ። ከዚያ አንድ ክረምት ጠብቁና ውሃ የት እንደሚገባ አይታችሁ ድፈኑ። ልስኑን ጥቅምት ላይ ጀምራችሁ ውርጩ ሳይጠና ጨርሱ፤ እርጥብ ኖራ ውርጭ ከመታው ይፈረፈራል።