የመኪና የብልሽት ኮድ ንባብ

የብልሽት ኮድ የመኪናው ኮምፒውተር ከሴንሰሮች የሚደርሰው መረጃ ከተቀመጠለት ወሰን ሲወጣ መዝግቦ የሚይዘው አጭር መለያ ነው። መካኒኩ ይህን መለያ ስካነር በተባለ የኮድ ማንበቢያ መሣሪያ ያነበዋል። ኮዱ የሚናገረው ግን ኮምፒውተሩ ያየውን ምልክት እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይደለም። ከምልክቱ ተነስቶ መንስኤው ላይ መድረስ ዛሬም የባለሙያው ድርሻ ነው።

አንዳንዶች ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ፎልክስዋገን ካቀረበው የኤሌክትሮኒክ ነዳጅ መርጫ ይጀምራሉ። ብልሽትን በኮድ ማሳወቅ በሰፊው የተለመደው ግን በ1980ዎቹ ሲሆን፣ ጀነራል ሞተርስ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። በእነዚያ መኪኖች ላይ ስካነር የሌለው መካኒክ በቁራጭ ሽቦ ያነብ ነበር። ከዳሽቦርዱ ሥር ባለው ሶኬት «ኤ» እና «ቢ» የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦው ያገናኛል፤ ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ይከፍታል፤ ከዚያ ዓይኑን ዳሽቦርዱ ላይ ባለው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ላይ ተክሎ ብልጭታውን ይቆጥራል። አንድ ብልጭታ፣ ፋታ፣ ከዚያ ሁለት ተከታታይ ብልጭታ፦ 12 ማለት ነው። 12 ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ የተመዘገቡት ኮዶች እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ጊዜ ይወጣሉ። 12 ራሱ ሞተሩ እንደማይዞር ብቻ ስለሚገልጽ፣ ኮምፒውተሩ በትክክል ለመሥራቱ ማረጋገጫ ነበር።

እያንዳንዱ አምራች የራሱ ሶኬትና የራሱ የኮድ ዝርዝር ስለነበረው፣ አንዱን መኪና የሚያውቅ መካኒክ ለሌላው ባዳ ነበር። ይህ የተፈታው የካሊፎርኒያ የአየር ብክለት ተቆጣጣሪዎች በገፋፉት ኦቢዲ-2 በተባለው ደረጃ ነው። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪኖች ግዴታ ሆነ። አውሮፓ በ2001 ለቤንዚን መኪኖች ተከተለች።

ደረጃው ያመጣው ሶኬት 16 ቀዳዳ አለው፤ የሚገኘውም በመሪው አቅራቢያ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ነው። 16ኛው ቀዳዳ ከባትሪ ኃይል ስለሚያቀብል ትናንሽ ስካነሮች የራሳቸው ባትሪ አያስፈልጋቸውም። ኮዱ በአንድ ፊደልና በአራት ምልክቶች ይጻፋል። «ፒ» ሞተርና ካምቢዮ፣ «ሲ» ፍሬንና የመሳሰሉት፣ «ቢ» የመኪናው አካል፣ «ዩ» በኮምፒውተሮች መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ቀጥሎ 0 ካለ ትርጉሙ በሁሉም አምራች ዘንድ አንድ ነው፤ 1 ካለ የአምራቹን መመሪያ ማየት ግድ ይላል።

ለምሳሌ ፒ0301 በመጀመሪያው ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ በአግባቡ አለመቃጠሉን ይገልጻል። ጥንቁቅ መካኒክ ወዲያው ዕቃ አያስገዛም። የ1ኛውን ሲሊንደር ኮይል፣ ማለትም ለካንዴላው የብልጭታ ኃይል የሚሰጠውን ዕቃ፣ ከ3ኛው ጋር አቀያይሮ ሞተሩን ያስነሳል። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከዞረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፤ ባለበት ከቀረ ወደ ካንዴላው፣ ነዳጅ ወደሚረጨው ኢንጀክተርና ወደ ሲሊንደሩ ግፊት ይሄዳል። ፒ0171 ደግሞ አየሩ ለነዳጁ ከሚገባው በላይ መብዛቱን ይናገራል፤ ይህን ለኮምፒውተሩ የሚያሳውቀው የኦክስጅን ሴንሰር ስለሆነ፣ ብዙ ደህና ሴንሰሮች ያለ ጥፋታቸው ተነቅለዋል። የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ያው ኮድ ያስመዘግባል።

የሞተር መብራቱ ያለማቋረጥ ሲበራ ምርመራ ይፈለጋል፤ ብልጭ ድርግም ሲል ግን ያልተቃጠለ ነዳጅ የጭሱን ብክለት የሚቀንሰውን ካታላይዘር ሊያበላሽ ስለሚችል ፍጥነት ቀንሶ በተቻለ ፍጥነት መቆም ይገባል።

ኮድን ስለማጥፋት መካኒኮች አይስማሙም። አንዳንዶቹ አስቀድመው አጥፍተው የሚመለሰውን ይጠብቃሉ። ይህ ግን ስህተት ነው፤ ኮዱ ሲጠፋ፣ ብልሽቱ በተመዘገበባት ቅጽበት የነበሩት የሞተር ዙር፣ ሙቀትና ፍጥነት አብረው ይሰረዛሉ። የኮምፒውተሩ የራስ ምርመራዎችም ከዜሮ ይጀምራሉ። በ2010 አካባቢ በአሜሪካ መኪኖች ላይ የመጡት ቋሚ ኮዶች በስካነር አይጠፉም፤ ብልሽቱ መስተካከሉን ኮምፒውተሩ በራሱ ምርመራ ሲያረጋግጥ ይሰርዛቸዋል።