ካዚኖ ሪዞርት ምንድን ነው? ቁማር የማይነካ ሰውስ እዚያ ምን ይሠራል?

በቀደም ደብረ ማርቆስ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። ልጇ ላስ ቬጋስ ነው የምትኖረው። በቅርቡ ወልዳ እናቷን ጠርታታለች። ቪዛው ወጥቷል፣ በሶውም ተፈጭቷል። አክስቴ ግን ልቧ አልረጋ። አንዱ «የቁማር ከተማ ነው» ብሎ አስፈራርቷታል።

«በማርቆስ! በዚህ ዕድሜዬ ቁማር ቤት ልግባ?» አለችኝ።

ነገሩን ከስሙ ጀመርኩላት። ካዚኖ በሕግ የተፈቀደ ቁማር ቤት ነው። ሪዞርትን ደግሞ ባሕር ዳር የሄደ ሰው ያውቀዋል፦ አልጋው፣ ምግቡ፣ መዋኛው፣ አትክልቱ ሁሉ በአንድ ግቢ። ሁለቱ ሲጋቡ ካዚኖ ሪዞርት ይሆናሉ። አንዱ ሕንጻ ብቻውን በሺህ የሚቆጠር ክፍል፣ ቲያትር ቤት፣ ሱቅ፣ ምግብ ቤት ይይዛል። መሃሉ ላይ የቁማር አዳራሹ ተዘርግቷል። ላስ ቬጋስና የቻይናዋ ማካው ኑሯቸውን በዚህ የመሠረቱ ከተሞች ናቸው።

ግን ቁማር ቤት ፏፏቴና የአበባ አዳራሽ ምን ያደርግለታል? የጣና ዓሣ አጥማጅ ባዶ መንጠቆ አይጥልም። ላስ ቬጋስ ያለችበት የአሜሪካው የኔቫዳ ግዛት ቁማርን የፈቀደው በ1931 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ለረጅም ጊዜ ርካሽ አልጋ፣ ርካሽ ምግብና ዘፋኝ ሰውን ወደ ቁማር ጠረጴዛ መሳቢያ ነበሩ። ሰውን የሳበው ነገር እያማረ ሲሄድ ግን ጠረጴዛው ጋ ሳይደርስ በልቶ፣ አይቶ የሚመለስ እንግዳ በዛ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በላስ ቬጋስ ትልቁ ጎዳና፣ በስትሪፕ፣ ከአልጋ፣ ከምግብና ከትርኢት የሚገባው ገንዘብ ከቁማሩ በልጧል። ባለቤቶቹም ሞኝ አይደሉም፤ ድሮ በርካሽ የሚሰጡትን ዛሬ በደንብ ያስከፍሉበታል። ከአልጋው ዋጋ ላይ «ሪዞርት ፊ» የሚባል የቀን ክፍያ ይደርባሉ። አልጋ ስትይዙ ጠቅላላውን ዋጋ ጠይቁ።

አክስቴ እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። «እሺ፣ ምን ምን አለ?»

መጀመሪያ ውሃው። ቤላጆ የሚባለው ሆቴል ፊት ለፊት 13 ጥማድ የሚያህል ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። ከ1998 ጀምሮ ከአንድ ሺህ በላይ የውሃ መርጫዎች በሙዚቃ ታጅበው ውሃ ወደ ሰማይ ይረጫሉ። ከፍ ሲል 140 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጢስ ዓባይ የሚወርደው ከ40 ሜትር ትንሽ ከፍ ካለ ገደል ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ክረምት ላይ ሙሉውን ጢስ ዓባይ ያየ ሰው ይሄኛው ብዙም አይደንቀውም። በበጋ ሄዶ ውሃው ሳስቶ ያገኘው ሰው ግን ይቀናል። የቤላጆው ትርኢት ማታ ማታ በየ15 ደቂቃው ይደገማል፤ አይከፈልበትም። እዚያው ሆቴል ውስጥ በዓመት አምስት ጊዜ አጊያጊያጡ የሚቀየር የአበባ አዳራሽ አለ። እሱም በነጻ ነው።

ቀጥሎ ስፊር። በ2023 የተከፈተ፣ 112 ሜትር ከፍታ ያለው ድቡልቡል የትርኢት አዳራሽ ነው። የውጭ አካሉ በሙሉ ስክሪን ነው። አንዴ ጨረቃ፣ አንዴ ዓይን ይሆናል። ለመግባት ትኬቱ ውድ ነው። ውጪውን ከመንገድ ላይ ሆኖ ማየት ይበቃል ባይ ነኝ።

ታሪክ ለሚወድ ሁለት ሙዚየሞች አሉ። ኒዮን ሙዚየም የፈረሱ ሆቴሎችን የመብራት ማስታወቂያዎች ሰብስቦ ያሳያል። ሞብ ሙዚየም ደግሞ የማፊያ ታሪክ የሚነገርበት ነው። ቤቱ ድሮ ፖስታ ቤትና ፍርድ ቤት ነበር። በ1950 የአሜሪካ ሴኔት የተደራጀ ወንጀልን ሲመረምር ምስክር የሰማበት ችሎት ዛሬም እዚያው አለ። ከተማዋ በማን ገንዘብ እንዳደገች ራሷ ትናገራለች፤ ይሄን ወድጄላታለሁ።

እኔን ብትጠይቁኝ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ከከተማው ውጪ ነው። በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ መንገድ ሄዳችሁ የሁቨር ግድብ አለ። ሥራው የተጀመረው በ1931 ነው፣ ቁማሩ በተፈቀደበት ዓመት። ቁመቱ 221 ሜትር ነው። የእኛ ህዳሴ 145 ሜትር ስለሆነ በቁመት ይበልጠናል። በርዝመት ግን የሁቨር አናት 379 ሜትር ብቻ ሲሆን የህዳሴው ዋናው ግድብ 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚይዘው ውሃም የእኛ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ይሄን ስነግራት አክስቴ ስኒዋን አስቀመጠች። ቦንድ የገዛች ሴት ናት።

ማካው ለሚሄድ ደግሞ አንድ ነገር ልጠቁም። እዚያ ካሉት ካዚኖዎች ሁሉ ይልቅ እኔን የሚስበኝ አንድ የቆመ ግድግዳ ነው። የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን በ1835 ተቃጥሎ የፊት ግድግዳው ብቻ ቀረ። ያሠሩት ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ማኅበር ካህናት ናቸው፣ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ። የዚያው ማኅበር አባል የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ሰከላ ድረስ መጥቶ ግሽ ዓባይን አይቷል። ማካው ላይ ድንጋይ ሲጠረብ ወንድማቸው ጎጃም ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥንቃቄው። ካዚኖ ሪዞርት ውስጥ ወደ ምግብ ቤቱም ወደ ቲያትሩም የሚያስገባው መንገድ ብዙ ጊዜ በቁማሩ መሃል ነው የሚያልፈው። ሆን ተብሎ ነው። አዳራሹ ውስጥ የግድግዳ ሰዓትና መስኮት የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ ይንጋ ይምሽ አይታወቅም። ለሚቆምር ሰው መጠጥ በነጻ ይቀርባል። በኔቫዳ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በዚያ ማለፍ ይችላል፣ መቆም ግን አይፈቀድለትም። እናንተም አትቁሙ።

ሌላው ሙቀቱ ነው። ቬጋስ በረሃ ናት፤ በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ ያሻቅባል። እኛ ጋቢ ለብሰን ዝናብ በምንሸሽበት ወር ማለት ነው። ስትሪፑ 7 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ «ያ ሕንጻ እኮ ቅርብ ነው» ብሎ በእግር የወጣ ሰው ይቀልጣል። ጠዋት ወይም ማታ ውጡ።

ምግብና ጾም ያሳሰባት እንደሆነም ነግሬያታለሁ። ላስ ቬጋስ ሐበሻው ብዙ ነው። በ2023 ስትሪፕን የሚያስተዳድረው የክላርክ ካውንቲ ምክር ቤት አንዱን ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። እንጀራ አይጠፋም፤ የጾም በያይነቱም አለ።

አክስቴ ሦስተኛውን ቡና ቀዳችልኝና ትንሽ አሰበች።

«ቁማሩን ሳልነካ መንገዱን ማለፍ እችላለሁ?»

«ትችያለሽ።»

«እንግዲያ መጀመሪያ ግድቡን ታሳየኝ። ጥላዬንም እይዛለሁ።»