ባክዋርድ ኮምፓቲቢሊቲ ምንድን ነው? ስም አለመቀየር ብቻማ አይደለም

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ፊልድ አልሰረዝንም፣ ስምም አልቀየርንም፤ ስለዚህ ኤፒአያችን ባክዋርድ ኮምፓቲብል ነው» ሲል አየሁ። ስንተኛው እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። (ኤፒአይ አንድ ፕሮግራም ከሌላው ጋር የሚነጋገርበት በር ነው፤ ፊልድ ደግሞ በዚያ በር በሚመጣው መልስ ውስጥ ስም ያለው አንድ መረጃ።)

ወንድሜ፣ ጥያቄው አንተ ምን ቀየርክ አይደለም። ትናንት የተጻፈ የሰው ኮድ፣ አንድ መስመሩ ሳይቀየር፣ ዛሬም እንደ ትናንቱ ይሠራል ወይ ነው።

ታክሲ አስብ። ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል፣ ከፒያሳ ትሳፈራለህ። ሁልጊዜ በለገሃር ነው የሚያልፈው፤ አንተም የምትወርደው እዚያው ነው። አንድ ቀን ሹፌሩ ጥቁር አንበሳ ጋ ሲደርስ በሰንጋ ተራ ይታጠፋል። ታሪፉ ያው፣ መድረሻው ያው። ረዳቱን ብትቆጣው «ለገሃር ብዬ ጠራሁ እንዴ?» ይልሃል። እውነቱን ነው፣ አልጠራም። አንተ ግን ሥራ ረፍዶብሃል።

ጉግል ውስጥ የሠራው ኢንጂነር ሃይረም ራይት ስሙን የያዘው ሕግ ይህንኑ ይላል፦ ተጠቃሚ ሲበዛ፣ በሰነድ ቃል ገባህም አልገባህም፣ ከኤፒአይህ የሚታየውን ነገር ሁሉ የሆነ ሰው ተደግፎበታል።

ትዊተር በ2010 እ.ኤ.አ. የትዊት መለያ ቁጥር አሰጣጡን ሲቀይር የገጠመው ይኸው ነው። የፊልዱ ስም ያው፣ ዓይነቱም ያው ቁጥር። ቁጥሩ ግን ረዘመ። ብዙ ድረ ገጾች የሚጻፉበት ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ደግሞ በተለመደው የቁጥር ዓይነቱ ከ9,007,199,254,740,991 በላይ ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች ሁሉ በትክክል መያዝ አይችልም፤ ያጠጋጋቸዋል። ኤረር እንኳ አይሰጥህም፣ ዝም ብሎ የተሳሳተ መለያ ይይዛል። መፍትሔው አሮጌውን ፊልድ እንዳለ ትቶ፣ ያንኑ ቁጥር በስትሪንግ (እንደ ጽሑፍ) የያዘ ሌላ ፊልድ መጨመር ሆነ።

መጨመር ታዲያ ሁሌ ሰላም ነው? አብዛኛውን ጊዜ፣ አዎ። ግን «ተከፍሏል» ወይም «አልተከፈለም» ብቻ ይመልስ የነበረ ፊልድ አንድ ቀን «በከፊል ተከፍሏል» ቢልስ? «አልተከፈለም ካላለ ዕቃውን ላክ» ብሎ የጻፈው ሱቅ ዕቃውን ይልካል። ክፍያ ላይ ስለምሠራ ይሄኛው እንቅልፍ ይነሳኛል።

«ቪ2 (ሁለተኛ ቨርዥን) አውጥተናል እኮ» የሚለውም መልስ አይደለም። ቪ2 በሰንጋ ተራ የሚሄድ ሌላ ታክሲ ነው። የለገሃሩ እየሠራ እስከቀጠለ ድረስ ደግ። በዚያው ቀን ካቆምከው ግን ቁጥሩ ምንም አላዳነህም። ሞባይል አፕ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ አፑን ዓመት ሙሉ አፕዴት የማያደርግ ሞልቷል፣ ዳታ በገንዘብ ነው።

የደህንነት ቀዳዳ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ያኔ የሰው ኮድ ቢሰበርም ዛሬውኑ እቀይረዋለሁ፤ ሲደወል ስልኩን የማነሳውም እኔው ነኝ።